ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ሩፋኤል በሚጾመው ጾም ላይ ማንም እንከን ሊያወጣ አይችልም። የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጋቢት ላይ የቧንቧው ውሃ ራሱ ለሻይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚወርደው። ሩፋኤል ግን በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ በሰው ደም ውስጥ ወባ ሲፈልግ ይውላል፤ ከንፈሩ እንደተሰነጠቀ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል፤ መጀመሪያ ይሰግዳል፤ ከዚያ ነው ውሃ የሚጠጣው። ባሮ ወንዝ አፍንጫው ሥር እየፈሰሰ ዓሣ አይቀምስም። የከተማው ምእመን ግማሹ "በጾም ዓሣ ይበላል"፣ ግማሹ "አይበላም" እያለ ሲከራከር እሱ ክርክሩ ውስጥም የለበትም። ዘይት ያልነካው ሽሮውን በልቶ ዳዊቱን ይከፍታል።

ሚስቱ ኮከብ መምህርት ናት። እሷም ትጾማለች፤ ግን ስትጾም አይታወቅባትም። ሩፋኤል ሲጾም ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ በር እንኳ ሲዘጋ የጾመኛ አዘጋግ ነው የሚዘጋው።

"እኔ የምጾመው ምግብ ነው" ትለዋለች ኮከብ። "አንተ ሰውም ትጾማለህ።"

ሰው የምትለው ፑዎትን ነው። ፑዎት የአጥር ጎረቤታቸው ነው፤ ኑዌር፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር ረጅም ሰው። ከቁመቱ የተነሣ በጓሮው ሲንጎራደድ ጭንቅላቱ ለብቻው አጥሩ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ሩፋኤል ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲመጣ በዚህ አገር መጀመሪያ ሰላም ያለው እሱ ነው። የመጀመሪያዋ ወባ አልጋ ላይ ስትጥለው በሞተር ሳይክሉ አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰውም እሱ ነው። "ዶክተር" ይለዋል። ሩፋኤል ዶክተር እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ነግሮታል፤ ፑዎትም ብዙ ጊዜ "እሺ ዶክተር" ብሎታል። እንዲህ ሆነው ዓመታት በሰላም ኖሩ።

ያጣላቸው ማንጎ ነው። የፑዎት አባት በሕይወት ሳሉ የተከሉት ትልቅ ማንጎ አጥሩ ጥግ ቆሟል፤ አንዱ ወፍራም ቅርንጫፉ የሩፋኤል ቆርቆሮ ጣራ ላይ ተንጋሎ ነበር። ማንጎ ሲበስል ይወድቃል፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ዝም ብሎ አይወድቅም። አምና ከፋሲካ በኋላ ሩፋኤል ንጋት ላይ ተነሥቶ ዳዊት ሲደግም "ዷ!" ይላል። ይደነግጣል። የቱ ጋ እንደነበረ ይጠፋዋል። ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደገና "ዷ!" ይላል። በዚህ ዓይነት ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ መዝሙር ፈቀቅ ሳይል ከረመ። አንድ ጠዋት ዳዊቱን ዘጋና መጥረቢያ ይዞ ጣራው ላይ ወጣ።

ፑዎት ከሥራ ሲመለስ ቅርንጫፉ ገና ያልበሰለ ፍሬውን እንደያዘ መሬት ላይ ተዘርሯል።

"ይሄን አባቴ ነው የተከለው" አለ።

"ጸሎቴን በጠበጠኝ" አለ ሩፋኤል።

ፑዎት ቅርንጫፉን ትክ ብሎ አየ። "እግዚአብሔር ማንጎ ሲወድቅ አይሰማም?" አለና ገባ። ከዚያ ቀን ወዲያ አልተነጋገሩም። ዛፉ ግን እንደነሱ አላኮረፈም፤ ዓመቱ ሳይሞላ ሌላ ቅርንጫፍ ወደ ጣራው መስደድ ጀመረ። ሩፋኤል አይቶ እንዳላየ አለፈው። ማጥፋቱን ልቡ ያውቃል፤ "አጥፍቻለሁ" የምትለዋ ቃል ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሩፋኤል ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቀሲስ እንቍባሕርይ ሄደ። ቀሲስ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ኃጢአቱን አንድ በአንድ ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። በልቡ ከበድ ያለ ስግደት እንዲያዙት እየጠበቀ ነበር፤ እንዲያውም ጉልበቱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። መጨረሻ ላይ፣ ሊነሣ ሲል፣ "ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር አልነጋገርም" አለ።

ቀሲስ ዓይናቸውን ገለጡ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓመት ሊሞላን ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ቀኖናህ እሱ ነው። ሂድና ታረቀው።"

"ስግደቱስ?"

"ስግደት አላልኩም።"

"ጠዋትና ማታ ብሰግድ…"

"ልጄ፣ አንተ ስትሰግድ አይደክምህም። የሚደክምህን ነው ያዘዝኩህ። ሳትታረቅ ብትመጣ በትንሣኤ አላቆርብህም።"

ሩፋኤል ፊቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። እሱና ኮከብ በቁርባን ነው የተጋቡት፤ በየዓመቱ በትንሣኤ ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመው ይቆርባሉ። በዓመት ውስጥ ሩፋኤል ሕፃን ሆኖ የሚያለቅስባት ሰዓት ያቺ ብቻ ናት። ለኮከብ ሲነግራት ሽንኩርቷን መክተፍ አላቋረጠችም።

"ያለ አንተ አልቆርብም" አለች። "ስለዚህ ለሁለታችን ስትል ቶሎ ታረቅ። አጥሩ እንደሆነ እዚሁ ነው፣ ታክሲ አያስፈልገውም።"

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሩፋኤል ከዚህች ከአንዷ ነገር በስተቀር ያላደረገው የለም። ማንም ያላዘዘውን ስግደት ጨመረ። ጨው ተወ። ፍራሹን ትቶ ደጅ ሰሌን ላይ ተኛ። በር ላይ የመጣ ነዳይ ባዶ እጁን አልተመለሰም። የፑዎት ጭንቅላት አጥሩ ላይ ብቅ ሲል ግን ሩፋኤል ልብስ ማስጫውን ገመድ መፈተሽ ይጀምራል። በጋምቤላ ከተማ እንደዚያ የተፈተሸ ገመድ የለም። በሆሳዕና ዋዜማ ኮከብ "ዛሬ!" ብላ ከቤት ገፍታ አስወጣችው። ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፑዎት በር ላይ ደረሰና አንኳኳ። የፑዎት እናት አማርኛ አያውቁም፤ በእጃቸው ወደ ሩቅ አሳዩት። ፑዎት ከብት ሊከትብ ገጠር ወጥቷል። ሩፋኤል ደስ ብሎት ተመለሰ። መንገድ ላይ "ተመስገን" ብሎ ነበር፤ ቤቱ ሲደርስ ለምን እንዳመሰገነ ትዝ አለውና በራሱ አፈረ።

እንዲህ እያለ ሰሙነ ሕማማት ገባ።

ሕማማት የዓመቱ ከባዱ ሳምንት ነው። ይሁዳ ጌታውን አቅፎ ስሞ አሳልፎ ስለሰጠው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው በዚያ ሳምንት አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም። ካህናቱ እንኳ መስቀል አያሳልሙም። ሌላው ሰው ረስቶ እጁን ይዘረጋል፤ ትዝ ሲለው "ውይ!" ብሎ ይሰበስባል። ሩፋኤል አይረሳም። የዓመት ፈቃዱን ለዚህች ሳምንት ብሎ ነው የሚያስቀምጣት፤ ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ሰይጣን እንዳያታልለው ሁለት እጁን ነጠላው ውስጥ ቆልፎ ነው።

ሰኞ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ሲሰግድ ውሎ ተመለሰ። የግቢውን በር ሲከፍት ፑዎት መሐል ግቢ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ጫማው ተወልውሏል።

"ዶክተር" አለ።

ሩፋኤል ባለበት ደርቆ ቀረ።

"ተቀየርኩ። ላሬ ወረዳ። ዓርብ ጠዋት እንሄዳለን፣ ከእናቴ ጋር። ዝናብ ከመጣ መንገድ የለም፤ አንገናኝም። እናቴ 'ከሰው ተኳርፈህ አትሂድ' አለችኝ። እኔም ደስ አላለኝም።" ይህን ብሎ ረጅም ቀኝ እጁን ዘረጋ።

የሩፋኤል ልብ ዘለለች። ጾሙን ሁሉ ሲሸሸው የኖረው ቀኖና በገዛ እግሩ አጥር ዞሮ መጣለት! እጁ ከነጠላው ውስጥ ወጣ። እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ምን ሳምንት እንደሆነ ትዝ አለውና ወደ ጀርባው መለሰው።

"ሕማማት ነው" አለ።

"ምን?"

"ሰሙነ ሕማማት። አይጨበጥም።"

ፑዎት የራሱን እጅ አየው። ረጅም እጅ ስለሆነ ለመመለስም ጊዜ ወሰደበት። "እሺ" አለ። "እሺ፣ ዶክተር።" ዞሮ ወጣ።

"ከትንሣኤ በኋላ!" አለ ሩፋኤል ከኋላው። የፑዎት ጭንቅላት አጥሩ ላይ ጥቂት ተጓዘና ከማንጎው ጀርባ ጠፋ።

ኮከብ ደጃፉ ላይ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ ይዛ ሁሉንም አይታለች። ሳፋውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ኮከብ ስትቆጣ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዕቃ ቀስ ብላ ስታስቀምጥ ነው።

"ምን አልከው?"

"ሕማማት መሆኑን ነገርኩት።"

"ሰውየው እጁን ዘርግቶ እቤትህ ድረስ መጣ፤ አንተ ትዝ ያለህ ይሁዳ ነው?"

"ሥርዓት ነው፣ ኮከብ! እኔ አይደለሁ ያወጣሁት!"

"አይጨበጥም፣ እሺ። 'ጥፋቱ የኔ ነው' ማለትስ በሕማማት ተከልክሏል?"

ሩፋኤል ሄዶ ልብስ ማስጫውን ገመድ መፈተሽ ጀመረ።

በማግሥቱ ቀሲስ እንቍባሕርይን በጸሎቱ መሐል ባለችው ዕረፍት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ልማድ ሆኖበት መስቀል ሊሳለም ጎንበስ አለ፤ እጃቸው ባዶ ነው። ጎንበስ እንዳለ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በአንዷ የልቡ ጥግ "ሥርዓቱን ስላላፈረስክ ደግ አደረግህ" ይሉኛል የሚል ተስፋ ነበረችው።

"እጁን ዘረጋልህ?" አሉ ቀሲስ።

"አዎ፣ አባቴ።"

"አንተስ?"

"ከኋላዬ ደበቅሁት።"

 ቀሲስ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ይሁዳ አሳልፎ ለመስጠት መሳም አስፈልጎት ነበር" አሉ። "አንተ ሳትስምም ቻልክበት።" ደወል ተደወለ፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ገቡ።

ሩፋኤል ያን ቀን ሲሰግድ ዋለ። ግንባሩ መሬት በነካ ቁጥር ያቺ የቀሲስ ቃል ምንጣፉ ላይ ትጠብቀዋለች። አለቀሰ። አጠገቡ የቆሙት ላብ መስሏቸው አለፉት፤ በጋምቤላ ሙቀት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። በሕይወቱ ሙሉ ከእግዚአብሔር ፊት የቆመ የሚመስለው ሰው፣ አሁን ገና፣ እግዚአብሔር የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ግቢው ድረስ መጥቶ እንደነበር ገባው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ ደግሞ ያማል።

ረቡዕ ሄዶ አንኳኳ፤ ፑዎት ቢሮ ርክክብ ላይ ነው። ሐሙስም ሄደ። እናትየው አዩትና ወንበር አውጥተው ደጅ አስቀመጡለት። እስኪመሽ ተቀመጠ። እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ዕቃ በጨርቅ እየጠቀለሉ አንዳንዴ ቀና ብለው ያዩታል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማያውቅ ማንም ማንንም አልዋሸም። ፑዎት ሳይመጣ ሲቀር ተነሥቶ ሄደ። ከዚያች ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ አይቀምስም፤ አክፍሎት ይሉታል፣ ሩፋኤል አንድ ዓመት እንኳ አጓድሎት አያውቅም።

ዓርብ ስቅለት ነው። ጠዋት ሩፋኤል ነጠላውን ለብሶ፣ ኮከብን አስቀድሞ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ከፑዎት በር ላይ አይሱዙ መኪና ቆሟል፤ ግማሹ ተጭኗል። ደወሉ እየተደወለ ነው። ስቅለትን ከመጀመሪያው ሰዓት ያልቆመበት ዓመት የለም። ኮከብ አየችው፤ መንገዷን ቀጠለች። ሩፋኤል ተመለሰ።

ፑዎት መኪናው ላይ ቁም ሣጥን በገመድ እያሰረ ነበር። ሲያየው ወረደ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ሩፋኤል፣ ደህና አደርክም ሳይል። ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ላይ የቆመችው ነገር ባንድ ትንፋሽ ወጣች። "ቅርንጫፉን መቁረጤ ጥፋት ነው። ሰኞ ያደረግሁትም ጥፋት ነው፤ የባሰው እሱ ነው። ይቅር በለኝ።" ቀኝ እጁንም አውጥቶ ዘረጋ፤ በዕለተ ስቅለት፣ መንገድ ዳር፣ ነጠላ የለበሰው ሁሉ ዞር እያለ እያየው። አንዲት እናት አማተቡ።

ፑዎት ሁለት እጁን ከጀርባው አደረገ።

ሩፋኤል ይገባኛል አለ በልቡ። የሰፈርኩት ነው የተሰፈረልኝ አለ። እጁን ግን አላጠፈም።

"አይቻልም" አለ ፑዎት። "ዛሬ ዓርብ ነው። ያንተ ሳምንት አላለቀም። ሳሊሃ ነገረችኝ።"

ሳሊሃ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ የወሎ ሙስሊም፣ ምላሷ እንደ ሱቋ ያልጎደለው። በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ስትሰማ ነበር።

"ገመድ ሊገዛ መጥቶ 'ጎረቤቴ እጄን ተጸየፈ' አለኝ!" ብላ ጮኸች። "ወሎ ተወልጄ ሕማማትን አላውቅም እንዴ? ያ ሰውዬ በዚህ ሳምንት እናቱ ብትመጣም አይጨብጣትም አልኩት! አንተስ ብትሆን ሩፋኤል፣ አፍ የለህም? አስረድተኸው ብትገባ ምን ነበረበት?"

"የለም፣ አሁን ልጨብጥህ ፈልጌ ነው የመጣሁት" አለ ሩፋኤል ለፑዎት። "ሥርዓቱን አውቄ ነው።"

"አይ" አለ ፑዎት። "አጥሩ አጭር ነው፣ አይሃለሁ። ውሃ ሳትጠጣ ትውላለህ። ጨው ተውክ አለችኝ ሳሊሃ፣ ደጅ ሰሌን ላይ ተኛህ። በዚህ ሙቀት። ትንሽ ቀርቶህ በኔ ምክንያት እንዲበላሽ አልፈልግም። ይቅር ብዬሃለሁ። እጁ ይቆይ።"

 ሁለት ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው መኪናው ሥር ተፋጠው ቆሙ።

"እጅህ ሥራ ከፈለገ" አለ ፑዎት በመጨረሻ፣ "አልጋው ከባድ ነው።"

አልጋውን አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ ይዘው አወጡት። ቀጥለው ጠረጴዛውን፣ በርሜሉን፣ የእናትየውን ጥቅሎች ጫኑ። ሩፋኤል ከሐሙስ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሰም፤ ዓይኑ ሲጨልምበት የአልጋውን እግር ይዞ ያልፋል። ፑዎት ያያል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ውሃ ግን ጠጣ አይለውም። ሁሉም ነገር ሲያልቅ እናትየው ጋቢና ገቡ፤ ፑዎት ከላይ ዕቃው ላይ ወጣ።

"ቤቱን አከራይተናል" አለ ከላይ ሆኖ። "ዛፉን አላከራየንም። ዛፉ ያንተ ኃላፊነት ነው።"

መኪናው ሄደ። ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ነጠላው ላይ ግሪስ አለበት፤ ከሁሉ ኋላ ቆሞ መስገድ ጀመረ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደከመው።

ቅዳሜ ቀሲስ እንቍባሕርይ የሰላም ምልክት የሆነውን ቄጤማ ለምእመናን እያደሉ እነሩፋኤል ቤት ደረሱ። ሩፋኤል ራሱ ላይ የሚያስረውን ቄጤማ ሊቀበል ጎንበስ ሲል ቀሲስ እጃቸውን ያዝ አደረጉ።

"ታረቃችሁ?"

"ታረቅን፣ አባቴ።"

"ታዲያ ሥርዓቱን ጥሰህ ጨበጥከው?"

"ልጨብጠው ነበር። እሱ እምቢ አለኝ።"

የቀሲስ ፊት ጠቆረ። "ለምን?"

"ሕማማት ነው አለኝ።"

"ማነው እሱ? ከኛ ወገን ነው?"

"የለም፣ ፕሮቴስታንት ነው።"

ቀሲስ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ኮከብ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻለችም። ከዚያ ወፈር ያለ ዘለላ መዘው ለሩፋኤል ሰጡት።

"ይኼ የእሱ ድርሻ ነው፤ አስቀምጥለት" አሉ። "ዛሬ ሁለታችሁም አትዘግዩ። ከፊት ቁሙ።"

በትንሣኤ ጎን ለጎን ቆመው ቆረቡ። ሩፋኤል እንደ ልማዱ አለቀሰ፤ ዘንድሮ ኮከብም አለቀሰች።

እሁድ ጠዋት ሩፋኤል ገና ዶሮው ሳይቀርብ ስልኩን አነሣ። የላሬ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሞክር፣ ሲሞክር፣ በመጨረሻ ተነሣለት።

"ዶክተር!" አለ ፑዎት። "አለቀ?"

"አለቀ።"

"አሁን ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"ማሌ!" አለ ፑዎት በቋንቋው፤ ሰላም ማለት ነው።

"ማሌ!" አለ ሩፋኤል። ቀኝ እጁን ወደ ባዶው ግድግዳ ዘርግቶ እንደነበር ያየችው ኮከብ ብቻ ናት።

በዚህ መሐል ጣራው ላይ "ዷ!" አለ።

"ምንድን ነው?" አለ ፑዎት።

"ማንጎ።"

"ይቅርታ" አለ ፑዎት። "ጸሎት ላይ ነበርክ?"

"አዎ" አለ ሩፋኤል። "አሁንም ጸሎት ላይ ነኝ፤ አትዝጋ።"